«ለ90 ቀን ብቻ» ተብሎ የተዘጋው ቧንቧ፦ ፒት ማሮኮ ማን ናቸው? የአሜሪካን እርዳታስ ምን አደረጉት?

እናቴ ጓዳ ውስጥ አንድ የዘይት ቆርቆሮ ነበር። አራት ሊትር ይይዛል። ጎኑ ላይ «ዩ ኤስ ኤ» የሚሉ ትልልቅ ፊደላት አሉበት። ዘይቱ ካለቀ ስንት ዓመቱ! ቆርቆሮው ግን ምስር ይቀመጥበታል፣ እህል ይሰፈርበታል። ጎረቤታችን ደግሞ የእሷን ከመሃል አስቆርጣ ጤና አዳም ተክላበት ነበር። ለብዙዎቻችን የአሜሪካ እርዳታ ማለት ያ ቆርቆሮና የስንዴው ጆንያ ነው።

ቆርቆሮው መርከብ ላይ ይጫን አይጫን የሚለውን ማን እንደሚወስን ግን ጠይቀን አናውቅም። የሚያስጠይቅ ነገርም አልነበረም፤ ሁልጊዜ ይመጣ ነበርና። በ2025 መጀመሪያ ላይ ድንገት ሲቆም ነው ሁላችንም «ማነው ያቆመው?» ያልነው። ዜናው በሙሉ ስለ ኢሎን መስክ ሆነ። ስለ ፕሬዝዳንት ትራምፕም ብዙ ተባለ። ወረቀቱን እያዘጋጁ፣ ክፍያውን እየያዙ፣ ውሉን እያስቋረጡ የሠሩት ሹም ስም ግን እምብዛም አልተነሳም። ፒት ማሮኮ ይባላሉ።

ይህ ጽሑፍ ስለ እሳቸውና ስለ ሥራቸው ነው። ዋናው ጉዳይ ግን የተቀመጡበት ወንበር ነው። ወንበሩን ካልተረዳን ነገሩ ሁሉ የሰዎች ጠብ ይመስለናል። (ዓመታቱና ቀናቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ፦ ዩኤስኤአይዲ ምን ነበር? እንዴትስ ይሠራ ነበር?

ዩኤስኤአይዲ የአሜሪካ መንግሥት የልማትና የሰብዓዊ እርዳታ መሥሪያ ቤት ነበር። በ1961 በፕሬዝዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ ዘመን ተቋቋመ። በ1998 የአሜሪካ ምክር ቤት በሕግ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት መሆኑን አጸናው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ ወደኋላ ትጠቅመናለች።

ከ10,000 በላይ ሠራተኞች ነበሩት። ከሦስቱ ሁለቱ ከአሜሪካ ውጭ የሚሠሩ ናቸው። በ2023 ወደ 40 ቢሊዮን ዶላር አንቀሳቅሷል። ብዙ ይመስላል፤ ብዙም ነው። ነገር ግን የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ሁሉ ተደማምሮ ከፌዴራል መንግሥቱ በጀት አንድ በመቶ ገደማ ቢሆን ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ዩኤስኤአይዲ ስንዴውን ተሸክሞ ወረዳ አይሄድም ነበር። ገንዘቡን የሚመድበው ምክር ቤቱ ነው። ዩኤስኤአይዲ ደግሞ ከትልልቅ ድርጅቶች ጋር ውል ይፈራረማል። ትልልቆቹ ከአገር ቤት ድርጅቶች ጋር ይዋዋላሉ። የአገር ቤቶቹ ሹፌር ይቀጥራሉ፣ መጋዘን ይከራያሉ፣ ነርስ ይቀጥራሉ። ብዙ ጊዜ ደግሞ አሠራሩ «አስቀድመህ አውጣ፣ ደረሰኝ አምጣ፣ ይመለስልሃል» ነው። ስለዚህ በጃንዋሪ የተከፈለው ደመወዝ ብዙውን ጊዜ ከድርጅቱ ኪስ የወጣ ብድር ነው። ከላይ ክፍያው ሲቆም፣ ታች ያለው ድርጅት በባዶ ካዝና ዕዳ ይዞ ይቀራል።

ማሮኮ ማን ናቸው?

የቀድሞ የባሕር ኃይል ወታደር፣ ማሪን ናቸው። በትራምፕ የመጀመሪያ የሥልጣን ዘመን ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ተዘዋውረዋል፤ በንግድ፣ በውጭ ጉዳይና በመከላከያ መሥሪያ ቤቶች ሠርተዋል። በ2020 ወደ ዩኤስኤአይዲ መጡና ግጭትን በመከላከልና በማረጋጋት ላይ የሚሠራ ክፍል ይመሩ ጀመር። እዚያ ብዙ አልቆዩም። ሠራተኞቹ ስለ አመራራቸው 13 ገጽ የቅሬታ ጽሑፍ አስገቡ። ፕሮግራሞችን በየጥቃቅኑ እየመረመሩ ያስቆማሉ፣ ገንዘብ ይይዛሉ፣ የሠራተኛውን ሥራ ያሽመደምዳሉ የሚል ነበር። ማሮኮ ፈቃድ ወጡ፤ በዚያው ሄዱ።

ከአምስት ዓመት በኋላ ተመለሱ። አሁን ግን የመጡት ከላይ ነው፤ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ የውጭ እርዳታ ቢሮ ዳይሬክተር ሆነው።

ቢሮው ውስጥ አዋቂዎች «ኤፍ» ይሉታል። በ2006 የተቋቋመ ነው። ሥራው በዩኤስኤአይዲና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በኩል የሚወጣውን የእርዳታ ገንዘብ ማቀድና ማስተባበር ነው። ለዓመታት የቢሮክራሲ ጥግ ተደርጎ ይታይ ነበር። ዜና አይሠራም። ጋዜጠኛም አይጎበኘውም።

አንድ ነገር አስቡ። ትልቅ ግቢ ውስጥ ሃያ ቤት አለ። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቧንቧ አለው። ነገር ግን መግቢያው በር ላይ፣ ከቆጣሪው አጠገብ፣ አንዲት መዝጊያ አለች። እሷን ያጠፋ ሰው ሃያ ቤት ውስጥ መግባት አይጠበቅበትም። ማንኛውንም በር አያንኳኳም። «ኤፍ» ያቺ መዝጊያ ናት። ማሮኮም የት እንዳለች ያውቁ ነበር። በ2020 አንዱ ቤት ውስጥ ሆነው ታግለው አልተሳካላቸውም። በ2025 ከቆጣሪው አጠገብ ቆሙ።

በእነዚያ ሳምንታት ምን ተፈጠረ?

ጃንዋሪ 20፣ 2025፣ ማለትም ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ትራምፕ ቃለ መሐላ በፈጸሙበት ዕለት አንድ ትእዛዝ ፈረሙ። የውጭ እርዳታ ለ90 ቀናት ይቁምና ይገምገም የሚል ነው። ግምገማ የሚጠላ የለም። አዲስ መንግሥት ሲመጣ የቀድሞውን ሥራ ማየቱ ያለ ነው።

ትእዛዙን ወደ ተግባር የለወጠው ግን ከአራት ቀን በኋላ የመጣው መልእክት ነው። ጃንዋሪ 24 ከውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ከማርኮ ሩቢዮ ቢሮ ለኤምባሲዎች ሁሉ ተላከ። ረቂቁን ያዘጋጁት ማሮኮ እንደሆኑ በወቅቱ ተዘግቧል። መልእክቱ አዲስ ወጪ እንዳይጀመር በማለት ብቻ አላበቃም፤ እየተሠራ ያለውም ሥራ ይቁም አለ። «የሥራ ማቆሚያ ትእዛዝ» የሚባለው ይህ ነው። ለእስራኤልና ለግብፅ የሚሰጠው የወታደራዊ ገንዘብ እንዲሁም የድንገተኛ ጊዜ ምግብ ከትእዛዙ ውጭ ሆኑ። የቀረው ቆመ።

ልዩነቱን በአንድ ምሳሌ ላሳይ። «ከነገ ጀምሮ አዲስ ተማሪ አልመዘግብም» ማለት አለ። «አሁን ክፍል ውስጥ ያለው ተማሪ ቦርሳውን ይዞ ይውጣ» ማለትም አለ። የመጣው ሁለተኛው ነው። መድኃኒት የጫነ መኪና መንገድ ላይ ነበር። ሙከራ ላይ ያለ መድኃኒት የሚወስዱ በሽተኞች ነበሩ። በጉድጓድ ቁፋሮ መሃል የቆሙ ሠራተኞች ነበሩ። ሁሉም በያሉበት ቁሙ ተባሉ።

ከዚያ ነገሩ ፈጠነ። ከሃምሳ በላይ የሚሆኑ የዩኤስኤአይዲ ከፍተኛ ኃላፊዎች በአንድ ቀን ከሥራ ታገዱ። የወሩ መጨረሻ ቅዳሜና እሑድ ላይ ዶጅ የሚባለው የኢሎን መስክ ቡድን የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተሮች ለማግኘት መጣ፤ አናስገባም ያሉ የጥበቃና ደህንነት ኃላፊዎች ታገዱ። ፌብሩዋሪ 3 ሰኞ ጠዋት ሠራተኛው ዋሽንግተን ወዳለው ዋና መሥሪያ ቤት እንዳይመጣ ተነገረው። በዚያው ቀን ሩቢዮ የዩኤስኤአይዲ ተጠባባቂ ኃላፊ መሆናቸውን አስታወቁ። ሥራውን የመምራትና መሥሪያ ቤቱን የማደራጀት ሥልጣን ደግሞ ለማሮኮ ሰጡ።

እንግዲህ አንድ ሰው ሁለት ወንበር ያዘ ማለት ነው። በአንዱ ገንዘቡን ይቆጣጠራሉ፤ በሌላው ገንዘቡን የሚቀበለውን መሥሪያ ቤት ይመራሉ።

ፌብሩዋሪ 26 መንግሥት ለፍርድ ቤት ያቀረበው መረጃ ሥዕሉን ግልጽ አደረገው። ወደ 5,800 የሚጠጉ የዩኤስኤአይዲ ውሎች ተሰርዘዋል። በሕይወት የቀሩት 500 ገደማ ናቸው። «90 ቀን» ከተባለ ገና 37ኛው ቀን ነው።

«ለነፍስ አድን እርዳታ ፈቃድ ተሰጥቷል» ተብሎ አልነበረም?

ተብሎ ነበር። ብዙ ክርክር የሚነሳውም እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

ጃንዋሪ 28 ሩቢዮ ለነፍስ አድን እርዳታ ልዩ ፈቃድ ሰጡ። ምግብ፣ መድኃኒት፣ መጠለያ ይቀጥል ተባለ። ከዚያ በኋላ «እርዳታ ቆመ፣ ሰው ሊሞት ነው» ሲባል የመንግሥት መልስ አንድ ነበር፤ ፈቃድ ሰጥተናል የሚል።

እኛ አገር ቢሮ የተመላለሰ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ደብዳቤው ተፈርሟል። ማህተሙም አርፎበታል። ይዘኸው ወደ ገንዘብ ያዥ ትሄዳለህ። ገንዘብ ያዥ የለም። ነገ ና ትባላለህ። ነገ ስትሄድ ደብዳቤው ሌላ ፊርማ ያስፈልገዋል ትባላለህ። ፊርማውን ስታመጣ መመሪያው ተቀይሯል ትባላለህ። አልከለከሉህም፤ ገንዘቡ ግን እጅህ አልገባም።

በዩኤስኤአይዲ የሆነው ይህ ነው። ፈቃዱን በሥራ ላይ የሚያውሉት ሠራተኞች ታግደዋል። የክፍያ ሥርዓቱ ተዘግቷል፤ ገንዘብ ለመልቀቅ የሹመኞቹ ይሁንታ ያስፈልጋል። ይህን የሚናገሩት ተቃዋሚዎች ብቻ አይደሉም። የመሥሪያ ቤቱን የዓለም ጤና ክፍል በተጠባባቂነት ይመሩ የነበሩት ኒኮላስ ኤንሪች በማርች መጀመሪያ ላይ ለሠራተኞቻቸው የላኩት ጽሑፍ አለ። ነፍስ አድን እርዳታው ያልደረሰው በላይኛው አመራር መሰናክል ነው፤ ክፍያ ከለከሉን፣ ሥርዓቱን ዘጉብን፣ መመሪያ ቀያየሩብን ይላል። እርዳታው እንደተቋረጠ ከቀጠለ በዓመት እስከ 1 ሚሊዮን ሕፃናት ለከባድ የምግብ እጥረት ሕክምና ሳያገኙ እንደሚቀሩም ግምታቸውን አስፍረዋል። ጽሑፉ በወጣበት ቀን እሳቸውም ታገዱ።

የመሥሪያ ቤቱ ዋና ተቆጣጣሪም ቀደም ብሎ፣ ፌብሩዋሪ 10 ላይ፣ ሪፖርት አውጥቶ ነበር። 489 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ምግብ ወደብ ላይ፣ መንገድ ላይና መጋዘን ውስጥ ተይዞ የመበላሸት አደጋ ላይ ነው ይላል። ምግቡ ተገዝቷል፤ ተጭኗል። የሚያወርደውና የሚያከፋፍለው ግን የለም። ተቆጣጣሪው በማግሥቱ ከሥራ ተባረሩ።

ለመሆኑ ጥቂት ሳምንት መዘግየት ይህን ያህል ይጎዳል ወይ? ወደ አንድ ጤና ኬላ እንሂድ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቦርሳ ውስጥ ቀጭን የክንድ መለኪያ ወረቀት አለች። ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም አላት። በሕፃኑ ግራ ክንድ ዙሪያ ትጠመጥማታለች። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀዩ ላይ ያርፋል። ቀይ ማለት ሕፃኑ በከባድ የምግብ እጥረት ላይ ነው ማለት ነው። ያኔ ከመደርደሪያው ፕላምፒ ነት ታወርዳለች። 92 ግራም የምትመዝን፣ ከኦቾሎኒና ከወተት ዱቄት የተሠራች እሽግ ናት። እናት ጫፏን ቀዳ በቀጥታ ከእሽጉ ልጇን ትመግባለች። ውሃ አይፈልግም፣ እሳት አይፈልግም። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሕፃኑ ፊቱ ይመለሳል።

ያ እሽግ ከታዘዘ ጀምሮ መደርደሪያው ላይ እስኪደርስ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ በፌብሩዋሪ የተቋረጠ ትእዛዝ ጉዳቱ የሚታየው በፌብሩዋሪ አይደለም። ክረምት ላይ ነው፣ ጎተራ ሲራቆት። ቀይ ላይ ያለ ሕፃን ደግሞ 90 ቀን አይጠብቅም።

ኢትዮጵያ ውስጥስ ምን ደረሰ?

ኢትዮጵያ ከሰሃራ በታች ካሉት አገሮች ብዙ የአሜሪካ እርዳታ ከሚያገኙት ቀዳሚዋ ነበረች፤ በ2023 ብቻ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ። ስለዚህ ንዝረቱ ወዲያው ተሰማ።

በፌብሩዋሪ 2025 የጤና ሚኒስቴር በአሜሪካ ገንዘብ የተቀጠሩ ወደ 5,000 የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ ደብዳቤ ጻፈ። አብዛኞቹ በኤችአይቪና መሰል ሥራዎች ላይ የነበሩ ናቸው። መድኃኒቱን የሚሰጡ፣ ቀጠሮ ያለፈበትን ሰው የሚደውሉለት፣ መረጃውን የሚመዘግቡ። መድኃኒት መጋዘን ውስጥ ቢኖር እንኳ የሚጠራህ ሰው ከሌለ ሕክምናው ይሰናከላል። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ሲቋረጥ ቫይረሱ እንደገና ይነሳል፤ ወደ ሌላ ሰውም መተላለፍ ይጀምራል።

በኤፕሪል ወር የዓለም የምግብ ፕሮግራም በኢትዮጵያ በምግብ እጥረት የተጎዱ 650,000 ሴቶችና ሕፃናት ሕክምናን በገንዘብ እጦት ማቋረጡን አስታወቀ። የአሜሪካ መቀነስ ብቻውን ያመጣው ነው ማለት አይቻልም፤ ሌሎች ለጋሾችም እጃቸውን እየሰበሰቡ ነበር። ትልቁ ለጋሽ ሲጎድል ግን ሌላው ክፍተቱን መሙላት አልቻለም። አገሪቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኞች የምታስተናግድ መሆኗንም አንርሳ። ጎረቤት ሱዳን ውስጥ ደግሞ በጦርነት መሃል ሕዝቡ ራሱ ያቋቋማቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ የነፃ ምግብ ማብሰያዎች በዚያው ሰሞን እሳታቸውን አጠፉ።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የነካኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ረሃብን አስቀድሞ የሚተነብይ አንድ የአሜሪካ ሥርዓት አለ። ዝናቡን፣ የገበያ ዋጋውን፣ ሰብሉን፣ የከብቱን ሁኔታ እየተከታተለ «በዚህ አካባቢ ከጥቂት ወራት በኋላ ረሃብ ይመጣል» ይላል። የተቋቋመው በ1985 ነው። ምክንያቱ እኛ ነን። «ሰባ ሰባት» ብለን የምንጠራው ያ እልቂት ዓለምን ሳይዘጋጅ ስለደረሰበት፣ ሁለተኛ እንዳይደገም ተብሎ ነው የተሠራው። በጃንዋሪ 2025 በሥራ ማቆሚያ ትእዛዙ ድረ ገጹ ጭምር ጨለመ። ከወራት በኋላ በከፊል ተመልሷል። በወሎና በትግራይ ባለቁት ሰዎች ሰበብ የተሠራ ማንቂያ ደወል ለወራት ዝም ማለቱን ማሰብ ይከብዳል።

የማሮኮ ደጋፊዎች ምን ይላሉ?

ክርክራቸው መሠረት የሌለው አይደለም። እኛም የምናውቀው ነገር አለበት።

አንደኛው፣ እርዳታው ለዓመታት ፈሶ ለውጡ የታለ የሚለው ነው። ሌላው፣ ብዙው ገንዘብ ዋሽንግተን አካባቢ ባሉ ትልልቅ ተቋራጮች በኩል ያልፋል የሚለው ነው። ይህ እውነት ነው። በቀጥታ ወደ አገር ቤት ድርጅቶች የሚሄደው 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። በባይደን ዘመን የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ የነበሩት ሳማንታ ፓወር ራሳቸው ይህን 25 በመቶ ለማድረስ ቃል ገብተው አልተሳካላቸውም።

ስርቆትም አለ። በ2023 ዩኤስኤአይዲና የዓለም የምግብ ፕሮግራም ለኢትዮጵያ የሚሰጡትን የምግብ እርዳታ አቁመው ነበር። የእርዳታ ስንዴ በስፋት ተዘርፎ ገበያ ወጥቷል ተብሎ ነው። መጀመሪያ በትግራይ፣ ከዚያ በመላ አገሪቱ ቆመ። በዓመቱ መጨረሻ ነው የተመለሰው። በእነዚያ ወራት የተራበው የሰረቀው ሰው አልነበረም።

ሩቢዮ እያንዳንዱ ዶላር ሦስት ጥያቄ መመለስ አለበት ይላሉ፦ አሜሪካን ደህንነቷ የተጠበቀ ያደርጋታል? ጠንካራ ያደርጋታል? የበለጸገች ያደርጋታል? የተመረጠ መንግሥት ይህን መጠየቅ መብቱ ነው። የአሜሪካ ግብር ከፋይ ገንዘብ ነው፤ የእኛ አይደለም።

ስለዚህ «እርዳታ ይቀየር ወይስ አይቀየር» የሚለው ጥያቄ ማሮኮን አወዛጋቢ አላደረጋቸውም። ያወዛገበው አካሄዱ ነው። የሚሠራውንና የማይሠራውን ለመለየት መጀመሪያ ሁሉንም አቁሞ፣ ሠራተኛውን አሰናብቶ፣ ከዚያ መምረጥ ይቻላል ወይ? መንግሥት ውሎቹ አንድ በአንድ ታይተዋል ይላል። በሺዎች የሚቆጠሩ ውሎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አንድ በአንድ ታይተዋል ማለትን ለመቀበል እኔ በግሌ ይከብደኛል። የተሰረዙ ውሎች በስህተት ነው ተብለው ከቀናት በኋላ የተመለሱበት ጊዜም ነበር።

ሕጉስ ምን ይላል?

አንድ ዕድር እንውሰድ። ጠቅላላ ጉባኤው ተሰብስቦ ለድንኳንና ለወንበር ይህን ያህል ብር ይውጣ ብሎ ወሰነ። ቃለ ጉባኤ ተያዘ። ገንዘብ ያዡ ደግሞ «ድንኳኑ አያስፈልግም» ብሎ ብሩን አልለቅም ቢልስ? ምናልባት ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ድንኳኑ ላያስፈልግ ይችላል። ግን መወሰን የእሱ ሥልጣን ነው ወይ?

በአሜሪካ ጉባኤው ምክር ቤቱ ነው። ገንዘብ የመመደብ ሥልጣን የሱ ነው። ፕሬዝዳንት ኒክሰን የተመደበ ገንዘብ አልለቅም እያሉ ስላስቸገሩ በ1974 አንድ ሕግ ወጣ። ፕሬዝዳንቱ የተመደበን ገንዘብ መሰረዝ ከፈለጉ ምክር ቤቱን ይጠይቁ የሚል ነው። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ የ1998ቱ ሕግም እዚህ ይመጣል፤ በሕግ የቆመን መሥሪያ ቤት በደብዳቤ ማፍረስ ይቻላል ወይ?

ፍርድ ቤቶች የሰጡት መልስ የተለያየ ነው። ፌብሩዋሪ 13 ዳኛ አሚር አሊ ገንዘቡ እንዲለቀቅ አዘዙ። አልተለቀቀም። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ማርች 5 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ የመንግሥትን ጥያቄ ውድቅ አደረገ። ክርክሩ ለተሠራ ሥራ ሊከፈል በሚገባው ወደ ሁለት ቢሊዮን ዶላር ላይ ነበር። አዲስ እርዳታ የጠየቀ አልነበረም፤ ሠርተናል፣ ደረሰኛችን ይኸው ነው ያሉት። ማርች 18 ሌላ ዳኛ፣ ቴዎዶር ቹዋንግ፣ የመሥሪያ ቤቱ አፈራረስ ሕገ መንግሥቱን የጣሰ ይመስላል አሉ። በቀናት ውስጥ ይግባኝ ሰሚው ውሳኔውን አገደው። በሴፕቴምበር ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መንግሥት 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይዞ እንዲቆይ ፈቀደ።

ምክር ቤቱስ? በጁላይ 2025 ራሱ ድምፅ ሰጥቶ ወደ 8 ቢሊዮን ዶላር የሚሆን የውጭ እርዳታ ሰረዘ። ያ ሕጉ የሚያውቀው መንገድ ነው። የሆነው ግን አብዛኛው ነገር ከፈረሰ በኋላ ነው።

ማሮኮን በስም የነካ ውሳኔም አለ። ምክር ቤቱ ያቋቋማቸው ሁለት ትንንሽ ተቋማት ነበሩ፤ አንዱ ለላቲን አሜሪካ፣ ሌላው ለአፍሪካ አነስተኛ ድጋፍ የሚሰጡ። ማሮኮ የሁለቱም ኃላፊ ናቸው ተባለ። የአፍሪካው ተቋም ሠራተኞች በሩን ዘግተው አናስገባም አሉ፤ ማሮኮ በፌዴራል ማርሻሎች፣ ማለትም በሕግ አስከባሪዎች፣ ታጅበው ተመለሱ። በኤፕሪል ወር አንዲት ዳኛ የላቲን አሜሪካውን ሹመት ሕጋዊ አይደለም ብለው ወሰኑ።

ማሮኮ ከሄዱ በኋላ ነገሩ ተቀየረ?

ማሮኮ በኤፕሪል 2025 አጋማሽ ላይ ከመሥሪያ ቤቱ ለቀቁ። ሥራ ላይ የቆዩት ሦስት ወር ያህል ነው። ቦታውን ከዶጅ የመጡት ወጣት፣ ጄረሚ ሉዊን፣ ተረከቡ። ከዚያ በፊት ማርች 10 ላይ ሩቢዮ ግምገማው መጠናቀቁን፣ 83 በመቶ የሚሆነው ፕሮግራም መሰረዙን አስታውቀው ነበር። ጁላይ 1 ዩኤስኤአይዲ በይፋ አበቃ። የቀረው ሥራ ወደ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ገባ።

በዚያው ሰሞን ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ቅነሳው በዚሁ ከቀጠለ እስከ 2030 ድረስ ከ14 ሚሊዮን በላይ ተጨማሪ ሰዎች ሊሞቱ እንደሚችሉ ገመተ። ግምት ነው፤ ሌሎች ለጋሾችና መንግሥታት በሚያደርጉት ይወሰናል። አንድ ሦስተኛው ገደማ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው።

በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ አዲስ የጤና ስትራቴጂ ወጣ። ከእንግዲህ አሜሪካ በድርጅቶች በኩል መስጠቷን ቀንሳ በቀጥታ ከመንግሥታት ጋር ትዋዋላለች። የመድኃኒቱና የጤና ሠራተኛው ወጪ ቀስ በቀስ ወደ አገራቱ መንግሥታት ይዞራል። ኬንያ ዲሴምበር 4 የመጀመሪያውን የአምስት ዓመት ስምምነት ፈረመች።

ስለዚህ አሁን የምንከታተለው ዋሽንግተንን ብቻ አይደለም። የየአገሩን የበጀት መዝገብ ነው። ጤና ኬላዋ ውስጥ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የክንድ መለኪያዋን ጠምጥማ ቀይ ስታይ፣ መደርደሪያው ላይ ያለው ካርቶን በማን ገንዘብ እንደሚገዛ የሚታወቀው እዚያ መዝገብ ላይ ነው።